ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ኤምጂቢን በቤት መፈተሽና መጠገን

ባለፈው ጥቅምት፣ እሁድ ለሰኞ አጥቢያ ስልኬ ጮኸ። እኔ እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ተኝቻለሁ። ደዋዩ ቨርጂኒያ የሚኖረው የሰፈሬ ልጅ ነው። እዚያ ገና ምሽት ነው።

"ይቅርታ፣ ቀሰቀስኩህ። መንገድ ዳር ቆሜያለሁ" አለኝ። "ሃያ ደቂቃ ያህል አሪፍ ሄደች። ከዚያ ድንገት ጸጥ።"

መኪናው የ1973 ኤምጂቢ ናት፣ የድሮ የእንግሊዝ መኪና (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከገዛት ሦስተኛ ወሩ ነው። በነዚህ ሦስት ወራት ቤንዚንና አየር የሚቀላቅሉትን ሁለቱን ካርቡራተሮች አሳድሷል፣ ለካንዴላዎቹ ኃይል የሚያመነጨውን ቦቢና ቀይሯል፣ አዲስ የቤንዚን ፓምፕም ሊያዝ ነው። በሽታው ግን ያው ነው። ሄድ ሄድ ትልና ትጠፋለች። አሥር ደቂቃ ስታርፍ ምንም እንዳልነካት ትነሳለች።

"ስትጠፋ የዙር ቆጣሪው ቀስት ምን ሆነ?" አልኩት።

"የቱ?"

"የሞተሩን ዙር የሚያሳየው። መኪናዋ ገና እየተንከባለለች ቀስቱ ድፍት አለ? ወይስ ከሞተሩ ጋር ቀስ እያለ ወረደ?"

ትንሽ አሰበ። "ድፍት ነው ያለው። በአንዴ።"

"እንግዲያው ቤንዚን አይደለም። ፓምፑን እንዳትገዛ።"

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ስልክ ነው። የድሮ መኪና የሚወዱ ወዳጆቼ ብዙ ገንዘብ የሚጨርሱት በግምት ነው። "ምናልባት ካርቡራተሩ ይሆናል" ይሉና ይቀይራሉ። ካልሆነ ሌላ ዕቃ ይቀይራሉ። ኤምጂቢን የመሰለች መኪና ግን የሚያማትን ራሷ ትናገራለች። አጠያየቁን ማወቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። እሱ ደግሞ ከኮምፒውተር መመርመሪያ የበለጠ ጆሮና አንድ ርካሽ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ይፈልጋል።

መጀመሪያ መኪናዋን እንወቃት። ኤምጂቢ ከ1962 እስከ 1980 ኦክስፎርድ አጠገብ ባለችው አቢንግደን ከተማ የተሠራች ናት። ኤምጂ የሚለው ስም "ሞሪስ ጋራዥስ" ከሚለው የመጣ ነው። ጣሪያዋ የሚታጠፈውና ጂቲ የሚባለው ባለ ድፍን ጣሪያ ተደምረው ከ500 ሺህ በላይ ተሠርተዋል። ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ላይ ዛሬም በቀላሉ የሚገኙት ለዚህ ነው። ሞተሯ ባለ አራት ሲሊንደር ሲሆን 1,798 ሲሲ ነው። ኮፈኑን ስትከፍቱ ሁሉም ነገር ይታያል። እጅ የማይደርስበት ቦታ ጥቂት ነው።

እዚህ እንግሊዝ አገር ከግንቦት 2018 ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ የሆናቸውና ብዙ ለውጥ ያልተደረገባቸው መኪኖች ከዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ነጻ ናቸው። የመጨረሻዋ ኤምጂቢ እንኳ 40 ዓመቷን ካለፈች ቆይታለች። ስለዚህ ፍሬኑን፣ መሪውንና ዝገቱን በየዓመቱ የሚያይላችሁ ሰው ላይኖር ይችላል። እናንተው ናችሁ መርማሪዎቹ። ይህን ነጻነት እንደ ዕረፍት የሚቆጥሩ ሰዎች ያሳስቡኛል።

አንድ ነገር ስለ መፍቻ ልበልና ወደ ጉዳዩ ልግባ። የጋራዥ ቃላችን ከጣሊያን የመጣ ነው፤ ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን)፣ ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳው) እያልን ነው ያደግነው። መፍቻችንም ሚሊሜትር ነው። ኤምጂቢ ግን የኢንች መኪና ናት። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊሜትር ነው። ቁጥር 13 መፍቻ ይገባል፣ የያዘም ይመስላል። ጠበቅ ያለ ዳዶ ላይ ግን ይንሸራተትና ጠርዙን ይበላዋል። ከዚያ በኋላ ያ ዳዶ በፒንሳ እንጂ በመፍቻ አይፈታም። የመጀመሪያ ወጪያችሁ ጥሩ የኢንች መፍቻ ስብስብ ይሁን።

ቤንዚን ነው ወይስ እሳት?

የጠፋ ሞተር ወይ ቤንዚን አጥቷል፣ ወይ የካንዴላ እሳት አጥቷል። ሦስተኛው የሲሊንደሮቹ ግፊት ማነስ ነው፤ እሱ ግን ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ድንገት አይመጣም፣ ቀስ በቀስ ነው የሚያዳክማት። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከሁለቱ አንዱን ማስወጣት ነው።

የዙር ቆጣሪው እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። ከቁልፉ የሚነሳ ነጭ ሽቦ ወደ ቦቢናው ይሄዳል። ከቦቢናው ደግሞ ነጭ ላይ ጥቁር መስመር ያለው ሽቦ እሳቱን ለየካንዴላው ወደሚያከፋፍለው ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ይሄዳል። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ኮንታክት አለ፤ ሁለት ትንንሽ የብረት ገጾች ናቸው፣ ሞተሩ ሲዞር ይገጥማሉ፣ ይለያያሉ። በተለያዩ ቁጥር አንድ ካንዴላ ይተኩሳል። ዙር ቆጣሪው የሚቆጥረው ይህንኑ መለያየት ነው። እንግዲህ ይህ መስመር ከተቋረጠ ሞተሩ በማርሽ ተይዞ በጎማዎቹ ኃይል ገና እየዞረ ቢሆንም ቆጣሪው የሚቆጥረው የለውም። ቀስቱ ይወድቃል። ቤንዚን አልቆ ከሆነ ግን ኮንታክቱ መሥራቱን ስለማያቆም ቀስቱ ከሞተሩ ጋር ነው የሚወርደው። ከቦቢናው በላይ ያለው ወፍራም ሽቦ፣ የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ወይም ከክዳኑ ሥር የሚዞረው ሮተር ሲበላሽም እንዲሁ ነው። አንድ የቀስት እንቅስቃሴ ግማሹን መኪና ከጥርጣሬ ያወጣል።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። "ቁልፉን አብራው፣ ሞተሪኖውን አትምታ፣ ዝም ብለህ ስማ" አልኩት። ስልኩን ወደ ኋላ ወንበር አካባቢ አስጠጋው። ቀ... ቀ... ቀ... የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ቆመ። የቤንዚን ፓምፑ ነው። ይህ ፓምፕ የኤሌክትሪክ ነው፤ ከቀኙ የኋላ ጎማ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይመታል። የሚነሳውም ከዚያው ከነጩ ሽቦ ነው። መታ ማለት ነጩ ሽቦ ሕይወት አለው ማለት ነው። መምታቱን ማቆሙ ደግሞ ካርቡራተሮቹ ሞልተዋል ማለት ነው። እንግዲህ ቁልፉም፣ ፓምፑም፣ ቤንዚኑም ደህና ናቸው። ጥፋቱ ከቦቢናው ወዲያ ነው።

"የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንሳ። ከጎኑ ካለው መግቢያ ወደ ኮንታክቱ የምትገባ አጭር ለስላሳ ሽቦ አለች። ቀስ አድርገህ ጎትት አድርጋት።"

ጎተት አደረጋት። "እንደ ላስቲክ ትለጠጣለች" አለኝ።

ሽቦ አይለጠጥም። ልባሱ ደህና ነበር፣ ውስጡ ያለው መዳብ ግን ተበጥሷል። ይህች ሽቦ ጋዝ በተረገጠና በተለቀቀ ቁጥር ትተጣጠፋለች፤ ምክንያቱም ኮንታክቱ የተቀመጠበት ሰሌዳ ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጠረው ጉተታ ወዲያ ወዲህ ይላል። ስንት ዓመት ተጣጥፋ፣ ተጣጥፋ ውስጥ ውስጡን ተቆረጠች። ስትሳብ ይለያያል፣ ስታርፍ ይነካካል። አሥር ደቂቃ አርፋ የምትነሳው ለዚህ ነበር። የኋላ ኮፈን ውስጥ ባገኘው ቁራጭ ሽቦ አገናኛት፣ በፕላስተር ጠቀለላት፣ ቤቱ ገባ። አዲሲቱ ሽቦ ከአንድ ቁርስ የማትበልጥ ዋጋ ናት። ለካርቡራተሮቹ የከፈለውን ግን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

የኤሌክትሪኩ ስም የጠፋበት ምክንያት

የኤምጂቢ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚመጣው እዚሁ በርሚንግሃም ከነበረው ከሉካስ ነው። እንግሊዞች ሉካስን "የጨለማው ልዑል" እያሉ ይቀልዱበታል። እኔ ይህን ቀልድ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ባለፉት ዓመታት ካየኋቸው ብልሽቶች አብዛኞቹ የዕቃው አልነበሩም፤ የመገናኛው ነበሩ። ሃምሳ ዓመት ዝናብና ጨው የጠጣ መገናኛ የማንም ፋብሪካ ቢሆን ይዝጋል።

ይልቅ ሉካስ የተወልን ትልቅ ስጦታ አለ፤ የሽቦ ቀለም። ቡናማ ሁልጊዜ ከባትሪ ቀጥታ የመጣ ነው፣ ቁልፉ ተዘግቶም ኃይል አለው፣ ፊውዝ የለውም። ሐምራዊ እንዲሁ ሁልጊዜ ኃይል አለው፣ ግን በፊውዝ አልፏል፤ ክላክስና የውስጥ መብራት እሱ ላይ ናቸው። ነጭ ቁልፉ ሲበራ ኃይል ያገኛል። አረንጓዴ ያው ነጩ በፊውዝ ካለፈ በኋላ ነው። ሰማያዊ የፊት ትልቁ መብራት፣ ቀይ የጎንና የኋላ ትንንሽ መብራቶች፣ ጥቁር ማሳ። ይህን አንዴ ከያዛችሁ ብዙ ጥያቄ ራሱን ይመልሳል። ፍሬቻ፣ የፍሬን መብራትና የቤንዚን መለኪያው አንድ ላይ ጠፉ? ሦስቱም አረንጓዴ ናቸው። ሦስት ዕቃ በአንድ ቀን አይበላሽም። ፊውዙን አዙራችሁ አውጡ፣ የያዙትን ጥርሶች በአሸዋ ወረቀት አንጹ፣ መልሱ። ብዙ ጊዜ ፊውዙ ራሱ እንኳ አልተቃጠለም፤ መያዣው ዝጎ ነው።

ማሳን ግን ጠለቅ ብዬ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኃይል ከባትሪ ወጥቶ ሥራውን ሠርቶ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። የሚመለሰው በመኪናው አካል ብረት ነው። ይህን መመለሻ ነው ማሳ የምንለው። የኤምጂቢ ሞተር ግን የተቀመጠው በጎማ መደገፊያዎች ላይ ነው። ጎማ ኃይል አያስተላልፍም። ስለዚህ ሞተሩን ከአካሉ ጋር የሚያገናኝ አንድ ወፍራም ጠፍጣፋ ሽቦ አለ። በቀደሙት መኪኖች ከሥር ካምቢዮው አጠገብ ነው፣ በኋለኞቹ ከፊት በግራ በኩል ሞተሩ መደገፊያ ላይ ነው። አይታይም። ስለዚህ ይረሳል።

እኔ የተማርኩት በአንድ የጥር ጠዋት ነው። ሞተሪኖውን መታሁ፤ ከበድ አለው፣ ተንፏቀቀ። ደገምኩ። የቾኩን መሳቢያ (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ለማስነሳት የሚሳበውን) ስይዘው ጣቴን አቃጠለኝ። ከዳሽቦርዱ ሥር ቀጭን ጭስ ወጣ። ደንግጬ ባትሪውን ፈታሁ። በኋላ እንደገባኝ ያ ወፍራም ሽቦ አንድ ጫፉ ዝጎ ሊለቅቅ ምንም አልቀረውም። የሞተሪኖው ከፍተኛ ኃይል የሚመለስበት መንገድ ስላጣ ሌላ ብረት ፈለገ፤ ከሞተሩ ወደ አካሉ የሚሄደውን ቀጭኑን የቾክ ገመድ አገኘ። ገመዱ እንደ ምድጃ ሽቦ ጋለ። ትንሽ ብቆይ እሳት ይነሳ ነበር።

ይህን በቴስተር ማወቅ ይቻላል። ሞተሩ እንዳይነሳ የቦቢናውን ነጭ ሽቦ ንቀሉ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ላይ ማሳ በሆነው ጫፍ ያዙ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ። አንድ ሰው ሞተሪኖውን ይምታ። ቴስተሩ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ መመለሻው መንገድ ታንቋል። ጫፎቹን ፍቱ፣ ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍጉ፣ ግሪስ ቀብታችሁ አጥብቁ። አዲስ ባትሪና አዲስ ሞተሪኖ ገዝተው ችግሩ ያልተፈታላቸው ሰዎች አውቃለሁ። ያስፈልጋቸው የነበረው የአሸዋ ወረቀት ነበር።

ባትሪ ካነሳን፣ እስከ 1974 ድረስ ኤምጂቢ ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪ ነበራት። ከወንበሮቹ ኋላ ከወለሉ ክዳን ሥር ተቀምጠዋል። ስለማይታዩ ይረሳሉ፤ ከሥራቸው ያለው ብረትም በአሲድ ይበላል። አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ፣ እስከ 1967 የተሠሩት መኪኖች ማሳቸው ፖዘቲቭ ነው፤ ዛሬ ከለመድነው ተቃራኒ። ሬዲዮ ወይም የስልክ ቻርጀር ሳታጣሩ ካገናኛችሁ በአንድ ሰከንድ ይቃጠላል። መጀመሪያ የትኛው የባትሪ ጫፍ አካሉ ላይ እንደታሰረ ተመልከቱ። የቀድሞ ባለቤት ለውጦትም ሊሆን ይችላል።

ፓምፑና ካርቡራተሩ

ስለ ፓምፑ ድምፅ ጥቂት ልጨምር። ቁልፉ ሲበራ መታ መታ አድርጎ ከቆመ ጤነኛ ነው። ሳያቋርጥ በፍጥነት ከመታ ወይ ቤንዚን አልቋል፣ ወይ ከመጠጫው ቱቦ አየር እየገባ ነው፣ ወይ የሆነ ቦታ ቤንዚን እየፈሰሰ ነው። በቅድሚያ የመጨረሻውን ተመልከቱ፤ ሽታ ካለ ቁልፉን ዝጉ። ጨርሶ ካልመታ በመፍቻ እጀታ ቀስ አድርጋችሁ አንኳኩት። ያኔ ከተነሳ ውስጡ ያለው ኮንታክት ቆሽሿል ወይም አልቋል። ቤት ያደርሳችኋል፤ ግን በዚያው ሳምንት ይሠራ።

የቤንዚን ቱቦውን ነገር ችላ አትበሉ። እንግሊዝ አገር ከመስከረም 2021 ጀምሮ መደበኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለው፤ አሜሪካ ከዚያ በፊት ጀምሮ እንዲሁ ነው። ኤታኖል የድሮ ጎማ ያሳብጣል፣ ይሰነጥቃልም። ቱቦው ደግሞ ከጋለ የጭስ መውጫ በላይ ነው የሚያልፈው። ስትገዙ ለኤታኖል የተሠራ መሆኑን፣ አር9 የሚል ጽሑፍ እንዳለበት አይታችሁ ግዙ።

አሁን ሁሉም ሰው የሚፈራው ካርቡራተር። ኤስዩ ይባላል። ሁለት ናቸው። ብዙ ሰው ይፈራዋል፣ እኔ ግን ከመኪናዋ ሁሉ በላይ የምወደው ዕቃ ነው። ውስጡ አንድ ፒስተን አለ፤ ከፒስተኑ ሥር ጫፏ የሾለ መርፌ ተንጠልጥላለች፤ መርፌዋ ቤንዚን በሚወጣበት ቀዳዳ ውስጥ ትገባለች። ሞተሩ አየር ሲስብ ፒስተኑ ይነሳል። ሲነሳ መርፌዋ አብራ ትወጣለች፣ ወደ ጫፏ ቀጭን ስለሆነች ቀዳዳው ይሰፋል፣ ቤንዚን ይጨምራል። ብዙ አየር፣ ብዙ ቤንዚን። በቃ ይኸው ነው። ሊበላሽ የሚችለው ነገር በጣት ይቆጠራል።

መጀመሪያ ከላይ ያለውን ጥቁር ክዳን ፍቱና ዘንጉን ሳቡት። ውስጡ ዘይት ሊኖር ይገባል፤ የሞተር ዘይት ይበቃል። ዘንጉን ስትመልሱት ክዳኑ ቦታው ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው መቃወም አለበት። ካልተቃወመ ዘይት አንሷል። ጋዝ ድንገት ሲረገጥ መኪናዋ የምታንቀው፣ የምትንተባተበው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ቀጥሎ ፒስተኑን በጣት አንስታችሁ ልቀቁት። ጠቅ ብሎ መውደቅ አለበት። እየተጎተተ ከወረደ ቆሽሿል፤ አውጥታችሁ በንጹሕ ቤንዚን እጠቡት። የአንዱን ፒስተን ለሌላው ግን አትቀያይሩ፤ እያንዳንዱ ከራሱ ክዳን ጋር ተመጣጥኖ ነው የተሠራው።

ቅልቅሉ ልክ መሆኑን ለማወቅ ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። ፒስተኑን የአንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ወደ ላይ ግፉት። ዙሩ ጨምሮ በዚያው ከቀጠለ ቤንዚን በዝቷል። ወዲያው ካነቀውና ሊያጠፋው ከደረሰ ቤንዚን አንሷል። ትንሽ ጨምሮ ወደ ቦታው ከተመለሰ ልክ ነው። ሁለቱ እኩል አየር መሳባቸውን ደግሞ በአንድ ቁራጭ ቱቦ ታውቃላችሁ። አንዱን ጫፍ ጆሮ ላይ፣ ሌላውን ካርቡራተሩ አፍ ላይ። የሁለቱ ፉጨት አንድ ዓይነት እስኪሆን አስተካክሉ። በመጨረሻ ካንዴላ አውጥታችሁ ቀለሙን ተመልከቱ። የማኪያቶ ቀለም ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ አንሷል።

ይህን ሁሉ ግን በመጨረሻ ነው የምትሠሩት። ካርቡራተር ከመነካቱ በፊት ቫልቭ፣ ካንዴላ፣ ኮንታክትና የእሳቱ ሰዓት መስተካከል አለባቸው። የሌላውን ጥፋት በካርቡራተር ለመሸፈን የሞከረ ሰው ሁለት ብልሽት ነው የሚኖረው። የካንዴላው ክፍተት 0.64 ሚሊሜትር፣ የኮንታክቱ ከ0.36 እስከ 0.41፣ የቫልቩ ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.38 ነው። ለቫልቩ አንድ የምወዳት ዘዴ አለች፤ የዘጠኝ ሕግ ትባላለች። ቫልቮቹ ስምንት ናቸው፣ ከፊት ወደ ኋላ ቁጠሯቸው። ስምንተኛው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት አንደኛውን ለኩ። ስድስተኛው ሲከፈት ሦስተኛውን። ሁልጊዜ ድምሩ ዘጠኝ ነው። ወረቀት አያስፈልግም።

በኋላ ዘመን ወደ አሜሪካ የተላኩት ባለ ጥቁር ጎማ ፓራውልት መኪኖች አንድ ካርቡራተርና ኮንታክት የሌለው ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ይዘው ነው የመጡት። ስለ ሁለቱ ካርቡራተሮችና ስለ ኮንታክቱ የጻፍኩት እነሱ ላይ አይሠራም። ብዙዎቹም በቀድሞ ባለቤቶች ወደ ድሮው ስለተቀየሩ ከመጽሐፉ በፊት ኮፈኑን ከፍታችሁ ያለውን እዩ።

ስለ አዲስ መለዋወጫ አንድ ማስጠንቀቂያ። አዲስ ማለት ደህና ማለት አይደለም። በተለይ ከኮንታክቱ ጋር በሚሠራው ኮንደንሰርና በሮተር ላይ ጥራቱ የወረደ ብዙ ዕቃ ገበያ ላይ አለ። እኔ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ሮተር 60 ኪሎ ሜትር አልሄደም፤ መካከሉ ላይ ባለው ምስማር በኩል እሳቱ ወደ ሥር አፈሰሰ። ቤት ያደረሰኝ ሳልጥለው ያስቀመጥኩት አሮጌው ነው። የሚሠራ አሮጌ ዕቃ ስትቀይሩ አትጣሉት። ጠቅልላችሁ የኋላ ኮፈን ውስጥ አስቀምጡት።

የማይታየው ጥገና

ዘይቱ 20 ደብልዩ 50 ነው። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ብዙ ካልተነዳች በየዓመቱ ይቀየር። ካምቢዮውም ያንኑ የሞተር ዘይት ነው የሚጠጣው፤ ዲፈረንሻሉ ግን የራሱ ወፍራም ዘይት አለው። የዘይት ግፊቱ ሞተሩ ሞቆ ስትነዱ ከ50 እስከ 80 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች)፣ ቆማችሁ ከ10 እስከ 25 ከሆነ አትጨነቁ። ከሥሯ አንዳንድ ጠብታ ብታዩም እንዲሁ።

የፊት እግሮቿ ፔርኖ፣ ማለትም የፊት ጎማው ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚታጠፍበት ምሰሶ፣ ግን ግሪስ ይፈልጋል። በየጎኑ ሦስት፣ በድምሩ ስድስት የግሪስ መግቢያ ጡቶች አሉ። በዘመናዊ መኪና ስለሌሉ ብዙ ሰው መኖራቸውን አያውቅም። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ጎማው ከመሬት ተነስቶ፣ አሮጌው ጥቁር ግሪስ ወጥቶ ንጹሑ እስኪታይ ግፉ። ያልተቀባ ፔርኖ መሪውን ያከብደዋል፣ ከዚያም ይበላል። እሱን መቀየር የአንድ ቅዳሜ ሥራ አይደለም።

ባለ ራጂ ቸርኬ ካላችሁ ይህን በጥንቃቄ አንብቡ። ቸርኬውን የሚይዘው መሃል ላይ ያለ አንድ ትልቅ ዳዶ ነው። በግራው ጎን እንደተለመደው ወደ ቀኝ ይጠብቃል። በቀኙ ጎን ጥርሱ ተገላቢጦሽ ነው። ሁለቱም የሚፈቱት ጎማው ወደ ፊት በሚዞርበት አቅጣጫ ነው። የቀድሞ ሰው የግራና የቀኙን አቀያይሮ ከገጠመው ዳዶው በጉዞ ላይ እየላላ ይሄድና ጎማው ይወጣል። አንድ ጊዜ ብቻ ሃያ ደቂቃ ወስዳችሁ አረጋግጡ።

ፍሬን ላይ ግምት የለም። ፈሳሹ ዶት 4 ይሁን፤ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቀለሙን ይልጠዋል፣ ወዲያው በውሃ እጠቡት። የኋላውን ከበሮ ስትከፍቱ ውስጡ ያለውን አቧራ በአፍም በኮምፕሬሰርም አትንፉ። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ እንግሊዝ አገር ሙሉ በሙሉ የታገደው በ1999 ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና ጨርቁን በላስቲክ አስራችሁ ጣሉ። ከሥሯ ስትገቡ ደግሞ በክሪክ ብቻ ተማምናችሁ አትግቡ። ክሪክ ለማንሳት ነው። ደልዳላ መሬት ላይ፣ በብረት ድጋፍ ላይ አስቀምጧት፣ በእጃችሁ ነቅንቃችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ ግቡ።

የቀረው ዝገት ነው፤ ሞተር ይጠገናል፣ ኤምጂቢን የሚገድላት ግን ዝገት ነው። ሻሲ የላትም። አካሏን የሚሸከሙት በሮቹ ሥር ያሉት እንደ ሳጥን የተሠሩ ብረቶች ናቸው። እነሱ ደግሞ አንድ ድርብ አይደሉም፤ ውጭ አንድ፣ ውስጥ አንድ፣ መሃል አንድ ናቸው። የውጩ አዲስና ባለ ቀለም ሆኖ የመሃሉ ዱቄት ሊሆን ይችላል። የሻጭ ፎቶ ይህን አያሳይም። መፈተሻው ቀላል ነው። በሩ ተዘግቶ በበሩና በአካሉ መካከል ያለውን ክፍተት በጣት ወይም በካርቶን ለኩ። ከዚያ ያንኑ ጎን በክሪክ አንሱና መልሳችሁ ለኩ፤ በሩን ክፈቱ፣ ዝጉ። ክፍተቱ ከተለወጠ ወይም በሩ አልከፈት፣ አልዘጋ ካለ ብረቱ መሸከም አቁሟል።

ወዳጄ ባለፈው ቅዳሜ ይህንኑ አደረገ። በቪዲዮ እያሳየኝ በግራ በኩል አነሳት፤ ካርቶኑ እንደገባው ወጣ። ወደ ቀኝ ዞረ። ሁለት ሦስት ጊዜ ክሪኩን መታ መታ አደረገው። በሩን ሊከፍት እጀታውን ሳበ፤ አልተከፈተም። ቀስ ብሎ አወረዳትና ስልኩን ወደ ፊቱ አዞረ።

"ብየዳ የሚያውቅ ሰው ታውቃለህ?" አለኝ።